ነጭ ሽንኩርትና ሻይ፦ ከእናቶቻችን ጓዳ እስከ ማኅበራችን መዝገብ

የእናቶቻችን መድኃኒት ቤት ጓዳቸው ነበር። ጉንፋን ሲይዘን ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው በማር ያልሱን፣ ሻይ በዝንጅብልና በጤና አዳም አፍልተው ያጠጡን ነበር።

ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። ኤበርስ ፓፒረስ የተባለው፣ ከ3,500 ዓመት በፊት የተጻፈው የግብፆች የሕክምና ጥቅልል ነጭ ሽንኩርትን ከመድኃኒቶች ይቆጥራል። በ1944 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሊሲን የተባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ታወቀ። አሊሲን የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲወቀጥ ወይም ሲከተፍ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ይቀንሳል። እናቶቻችን ወቅጠው በጥሬው ማላሳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ ግን የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ናረ። በሒሳብ መዝገባችን የዚያ ወር የነጭ ሽንኩርት ወጪ ከሳሙናው በልጦ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከኮሮና ለመከላከሉ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቆ ነበር።

ከሁሉ ያስተማረችን አንዲት አባላችን ናት። ሳሏን ለወራት በሻይና በነጭ ሽንኩርት ስታስታምም ቆይታ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ታክማ ድናለች። ከዚያ ወዲህ ለአባላት የሕክምና መሄጃ የሚሆን አንድ የሒሳብ መደብ ከፍተናል።

እህቶች፣ ነጭ ሽንኩርቱም ሻዩም ከጓዳችን አይጥፋ። ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሳል ግን ጤና ጣቢያ ይዘን እንሂድ።