ሁለት በሽታ የመሰለው አንድ ባክቴሪያ

እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ከሊማ ተነስቶ በአንዲስ ተራሮች ወደ ላ ኦሮያ የሚወጣው የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ፣ በፔሩ ሸለቆዎች ውስጥ ሠራተኛው እንደ ቅጠል ረገፈ። ትኩሳት የያዘው ሰው በአጭር ጊዜ ደሙ ተሟጦ ይገረጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ይህን በሺህ የሚቆጠር ሰው የፈጀ በሽታ «የኦሮያ ትኩሳት» አሉት። በእነዚያው ሸለቆዎች ቬሩጋ የሚባል ሌላ ሕመምም ነበር፤ ቆዳ ላይ ደም የቋጠረ ቀይ እባጭ ያወጣል እንጂ እምብዛም አይገድልም። የሁለቱ ዝምድና የሊማን ሐኪሞች ሲያከራክር ኖሯል።

ዳንኤል አልሲደስ ካሪዮን በማዕድን ከተማዋ በሴሮ ዴ ፓስኮ የተወለደ የሕክምና ተማሪ ነበር። ቬሩጋን ሲያጠና አንድ ነገር አስቸገረው፤ እባጩ ከመውጣቱ በፊት ሕመሙ እንዴት እንደሚጀምር ታማሚዎቹን ጠይቆ ሊደርስበት አልቻለም። ጓደኞቹ ይቅርብህ ቢሉትም ኦገስት 27 ቀን 1885 በዶስ ዴ ማዮ ሆስፒታል ከተኛ ታማሚ እባጭ የወጣ ደም፣ በእያንዳንዱ ክንዱ ሁለት ሁለት ቦታ ተከተበ።

ሴፕቴምበር 17 ግራ ቁርጭምጭሚቱን አመመው። ቀጥሎ ብርድ ብርድ አለው፤ ትኩሳቱም በረታ። የሚሰማውን ሁሉ በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። ሴፕቴምበር 26 አቅም ሲያንሰው ማስታወሻውን ጓደኞቹ እንዲቀጥሉለት ለመነ። ቀናት አልፈው መገርጣቱ ሲብስ፣ የያዘው የቬሩጋ ጅማሬ ብቻ ሳይሆን ያው ገዳዩ የኦሮያ ትኩሳት መሆኑን ተረድቶ ለጓደኞቹ ነገራቸው። ኦክቶበር 5 አረፈ።

ድፍረቱ ብዙ ተወድሷል። ይበልጥ ሊከበር የሚገባው ግን ማስታወሻው ነው። ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ የእሱም ሞት እንደ ሐዲድ ሠራተኞቹ ሞት ከትኩሳት ሞት አንዱ ሆኖ ይቀር ነበር።

በ1905 ፔሩ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም አልቤርቶ ባርተን በታማሚዎች ቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ጥቃቅን ተህዋስያን አየ፤ ባክቴሪያው ኋላ በስሙ ባርቶኔላ ተባለ። ሆኖም በ1913 ከሃርቫርድ የመጣ የጥናት ቡድን ሁለቱ ሕመሞች የተለያዩ ናቸው ብሎ ደመደመ፤ የካሪዮን ማስረጃም ለዓመታት ወደ ጎን ተገፋ። ጉዳዩን የፈታው የሮክፌለር ተቋሙ ሂዴዮ ኖጉቺ ነው። በ1926 ከኦሮያ ትኩሳት ታማሚ ደም ያራባውን ባክቴሪያ ለጦጣዎች ሲሰጥ የቬሩጋው እባጭ ወጣባቸው።

ባክቴሪያው ወደ ሰው የሚገባው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው፤ በመተማና በሁመራ ካላዛርን የምታስተላልፈው ዝንብም የዚሁ ወገን ናት። መጀመሪያ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይወራል። ሰውነት የተበከሉትን ሕዋሳት ሲያስወግድ ደም ያልቃል። በሕይወት በተረፈው ላይ ደግሞ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ የደም ሥር ግድግዳ ሕዋሳትን አነሳስቶ እባጩን ያወጣል።

ዛሬ ሕመሙ «የካሪዮን በሽታ» ይባላል፤ ፔሩም ኦክቶበር 5ን የሕክምና ቀን አድርጋ ታከብራለች። በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ሆኖም በአንዲስ ሸለቆዎች ሕክምና ያላገኙ ሰዎችን አሁንም ይገድላል።