መዝገበ ኅሊና፤ «ጆርናል» ስለሚባለው የግል ጽሕፈት

«ጆርናል» የሚለው ቃል ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በወጣቶች አንደበት እየተዘወተረ መጥቷል፤ ነገር ግን በሁለት ልዩ ልዩ ፍች ስለሚነገር ሰሚውን ያደናግራል። በዩኒቨርሲቲ ቅጽር ውስጥ ጆርናል ማለት ሊቃውንት የምርምራቸውን ፍሬ የሚያሳትሙበት፥ ወቅቱን ጠብቆ የሚወጣ መጽሔት ነው። እኛ አሁን የምናነሣው ግን ይህን አይደለም፤ አንድ ሰው ለሌላ አንባቢ ሳይሆን የገዛ ራሱን ለመመርመርና ጠባዩን ለማቅናት ብሎ፥ የልቡን አሳብና የእጁን ሥራ በየዕለቱ ወይም በየሰሞኑ የሚጽፍበትን ደብተር ነው።

የቃሉ ምንጭ ፈረንሳይኛ ሲሆን ሥሩ «ቀን» ማለት ነው። ባልንጀራው «ዳያሪ» ደግሞ ከላቲኑ «ዲያሪዩም» የወጣ ነው፤ ዲያሪዩምም በጥንት ዘመን ለወታደርና ለባሪያ በየቀኑ ተሰፍሮ የሚሰጠው ቀለብ፥ በእኛ አነጋገር ድርጎ፥ ማለት ነበረ። በአማርኛ ሁለቱንም «የዕለት ማስታወሻ» ብለን ስንጠራቸው ኖረናል። ትርጉሙ ስሕተት ነው አልልም፤ ሆኖም ማስታወሻ የሚባለው እንዳይረሳ የተጻፈ ነገር ሁሉ ነው፤ የብድሩ ልክ፥ የቀጠሮው ሰዓት፥ ከገበያ የሚገዛው በርበሬና ጨው ሳይቀር ማስታወሻ ይጻፍለታል። የዚህ ጽሕፈት ዋና ግብ ግን አለመርሳት ሳይሆን መመርመር ስለ ሆነ፥ «መዝገበ ኅሊና» ብንለው ይበልጥ ይስማማዋል ብዬ አምናለሁ። መዝገብ በግእዝ ሀብት የሚከማችበት ስፍራ፥ በአማርኛ ደግሞ ጉዳይ የሚጻፍበት ጥራዝ ነው፤ ኅሊናም በግእዝ አሳብ ሲሆን በአማርኛ ክፉውን ከበጎው የሚለየው የውስጥ ዳኛ ሆኗልና፥ አራቱም ፍች በዚህ ደብተር ውስጥ ቦታ አላቸው።

መዝገበ ኅሊናን ከዘመዶቹ መለየት ያስፈልጋል። ነገሥታቶቻችን ዜና መዋዕላቸውን የሚጽፍላቸው ሰው ነበራቸው፤ ያ ጽሕፈት ዘመቻውን፥ ሹመቱንና ግብሩን ለትውልድ ያስተላልፍ ነበር እንጂ የንጉሡን የሌሊት ጭንቀት ሊገልጥ አልተነሣም። ቤተሰብም ቢሆን የልጁን መወለድና የአባቱን ማረፍ በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ይህም ቀኑን ይነግረናል እንጂ በዚያ ቀን የጻፊው ልብ ምን እንደ ተሰማው አይነግረንም። ግለ ታሪክ ደግሞ፥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» ብለው ለራሳቸው መጽሐፍ ስም እንዳደረጉለት፥ መንገዱን ከጨረሰ በኋላ ዘወር ብሎ የሚያይ ሰው ሥራ ነው። መዝገበ ኅሊናን የሚጽፍ ሰው ግን ነገ ምን እንደሚያመጣ ሳያውቅ፥ ከነገሩ መካከል ቆሞ ይጽፋል፤ እውነተኛነቱም ከዚሁ ይመነጫል።

የዚህ ጽሕፈት ታላቅ አብነት የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ ነው። ይህ ሰው ከ161 እስከ 180 (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በነገሠበት ጊዜ፥ በዳኑብ ወንዝ ግድም ከአረመኔ ነገዶች ጋር ሲዋጋ፥ የመንግሥቱ ቋንቋ ላቲን ሆኖ ሳለ በጽርእ ቋንቋ ለራሱ ብቻ የጻፋቸው ማስታወሻዎች እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። የድል ዜና ፈልጎ የሚገልጣቸው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚያገኘው ይህ ነው፤ ግማሽ ዓለም የሚሰግድለት ንጉሠ ነገሥት ማለዳ ከሞቀ መኝታው ለመነሣት ሰውነቱ እንቢ ሲለው፥ የተፈጠርኸው ለሥራ ነው ወይስ ለመሞቅ እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ራሱንም አዘውትሮ «አንተ» እያለ ይጠራል፤ እንዲህ ማድረጉ ከሳሹም፥ ተከሳሹም፥ ዳኛውም እርሱ በሆነበት ችሎት ውስጥ ጥቂት ርቆ ራሱን እንዲያይ ረድቶታል።

በሌላ ወገን የለንደኑ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሹም ሳሙኤል ፒፕስ አለ። ከጥር 1660 ጀምሮ እስከ ግንቦት 1669 ድረስ፥ ሌላ ሰው በቀላሉ እንዳያነብበው በአጭር ጽሕፈት ምልክት እየጻፈ፥ ክፉ ሥራውን ሳይቀር መዝግቧል፤ ያቋረጠውም ዓይኑ እንዳይጠፋ ፈርቶ ነው። በ1666 የለንደን ከተማ በእሳት ስትጋይ ወይኑንና የፓርማ አይቡን ጉድጓድ ውስጥ መቅበሩን ጽፎአል። ለታሪክ ተመራማሪ ይህ ወርቅ ነው፤ ስለ ራስ ምርመራ ለሚያስብ ሰው ግን አንድ ጉድለት ይታይበታል፤ ፒፕስ ያደረገውን ሁሉ ይናገራል፥ ስለምን እንዳደረገው ግን እምብዛም አይጠይቅም፤ ስለዚህም በአንዱ ገጽ የተጸጸተበት ነገር በሌላው ገጽ ተመልሶ ይመጣል።

«ስለምን» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በሃያኛው መቶ ዓመት የሥነ ልቡና ሊቃውንት በፈተና አይተውታል። አሜሪካዊው ጄምስ ፔኔቤከር ከሳንድራ ቢል ጋር በ1986 ባሳተመው ጥናት፥ የኮሌጅ ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ አደረገ። ከፊሎቹ ስለ ተራ ነገር፥ ከፊሎቹ ስለ ደረሰባቸው መከራ ታሪኩን ብቻ፥ ከፊሎቹ ስሜታቸውን ብቻ፥ የቀሩትም ታሪኩንና ስሜቱን አጣምረው ጻፉ። አጣምረው የጻፉት ወዲያው አዘኑ፥ የደማቸውም ግፊት ከፍ አለ፤ በተከታዮቹ ወራት ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ሐኪም ቤት የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ አነሰ። በኋላ በተደረጉት ብዙ ጥናቶች ጥቅሙ በአማካይ ሲታይ መጠነኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ እንደ ፈውስ ሁሉ የሚያወሩለት ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ፔኔቤከር የጽሑፎቹን ቃላት ሲመረምር ግን፥ ይበልጥ የተጠቀሙት ከመጀመሪያው ቀን ወደ መጨረሻው በሄዱ ቁጥር «ምክንያቱም»፥ «አሁን ገባኝ» የሚመስሉ ቃላትን እያበዙ የጻፉ ሰዎች መሆናቸውን አገኘ።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት አንድ የቢሮ ሠራተኛ እናስብ። ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ፥ «ዛሬ ታናሽ ወንድሜ ገንዘብ አበድረኝ ብሎ አናደደኝ፤ መሥራት አይወድም» ብሎ ይጽፋል። ይህ ውሎ ነው፤ ፍርዱም የተሰጠው ሌላው ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ወደዚያው ነገር ተመልሶ፥ «የተቆጣሁት በእናታችን ፊት ስለ ጠየቀኝ ነው፤ ደመወዜ ከወሩ አጋማሽ እንደማያልፍ እንድታውቅብኝ አልፈለግሁም፤ ስንፍናውን ያነሣሁት የእኔን ማጣት ለመሸፈን ነው» ብሎ ቢጽፍ፥ ውሎው መዝገበ ኅሊና ሆነ። የወንድሙ ጠባይ አልተለወጠም፤ እርሱ ግን በማግሥቱ ለወንድሙ የሚናገረው ቃል ይለወጣል፤ ቁጣ የመሰለው ነገር እፍረት መሆኑን አውቋልና።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዱን በደል ሳይገላግሉ በየማታው እንደ ገና መላልሶ መጻፍ፥ ቂምን ያደረጅ እንደ ሆነ እንጂ ራስን አያሳውቅም፤ ሦስትና አራት ጊዜ ተጽፎ ምንም አዲስ ምክንያት ያልተገኘለትን ነገር ደብተሩን ዘግቶ ከታመነ ሰው ጋር መነጋገር ይሻላል። ንስሐ የለመደ ምእመንም ደብተሩን በነፍስ አባቱ ቦታ እንዳያስቀምጠው ያስፈልጋል፤ ደብተር ያሳስባል እንጂ አይናዝዝም፤ ሆኖም ራሱን አስቀድሞ በጽሕፈት የመረመረ ሰው በካህኑ ፊት ሲቀርብ የሚናገረውን ያውቃል።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ተራ ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። ቀኑን ከራስጌ ይጻፍ፤ ለቋንቋው ውበት አይጨነቅ፥ ስሕተቱንም አይፋቅ፤ ቍልፍ ባለው ሳጥን ያኑረው፥ ይነበብብኛል ብሎ የሚሠጋ ሰው ሳያውቀው ለአንባቢ ያሳምራልና። በየቀኑ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ይልቅስ ብዙ ሰው የሚዘነጋው መልሶ ማንበቡን ነው፤ ለዚህም የእኛ አቆጣጠር ከዓመቱ ጫፍ ላይ አምስት ወይም ስድስት የጳጉሜን ቀናት አዘጋጅቶልናል። በእነዚያ ቀናት የዓመቱን ደብተር ከመስከረም ጀምሮ ሲያነብብ፥ የተደጋገመውን ነገር በሌላ ቀለም ከግርጌው ያስምርበት፤ በየካቲት ያስቈጣውና በሐምሌ ያስቈጣው ነገር አንድ ሆኖ ከተገኘ፥ ለሚመጣው ዓመት መጀመሪያ የሚጽፍበትን ጉዳይ አገኘ ማለት ነው።