ፋላክኑማ፦ ቤተ መንግሥቱ እንዴት ሆቴል ሆነ? ለመጎብኘትስ ምን ያስፈልጋል?

ሕንድ፣ ሃይደራባድ ከተማ ውስጥ ኮረብታ ላይ ጉብ ያለ ነጭ ቤተ መንግሥት አለ። ስሙ ፋላክኑማ ይባላል፣ የሰማይ መስታወት እንደማለት ነው። ድሮ የነገሥታት ማረፊያ ነበር፣ ዛሬ ግን የከፈለ ሁሉ የሚያድርበት ቅንጡ ሆቴል ሆኗል። የሳልማን ካን እህት በ2014 የተዳረችው እዚህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከኛ ከሐበሾች ጋር የሚያገናኘው ታሪክም አለ፣ ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን።

📌 ማን ሠራው?

ሃይደራባድን ይገዙ የነበሩት ነገሥታት ኒዛም ይባላሉ። ፋላክኑማን ያሠራው ግን ኒዛሙ ሳይሆን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቪቃር ኡል ኡምራ ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ1884 ተጣለ፣ ግንባታውና ዕቃ ማሟላቱ ወደ 9 ዓመት ወሰደ። ወጪው ሰውየውን ዕዳ ውስጥ ስለከተተው በ1890ዎቹ መጨረሻ ቤቱ በ6ኛው ኒዛም በማህቡብ አሊ ካን እጅ ገባ። ኒዛሙ በ1911 ያረፈውም እዚሁ ነው።

ፊቱ ኒዮክላሲካል በሚባለው ስልት የተሠራ ነው። የጥንት ግሪክና ሮማ ሕንፃዎችን የሚመስል፣ በረጃጅም አምዶች የተደገፈና ግራና ቀኙ የተመጣጠነ ማለት ነው። ከላይ ሲታይ ግን የጊንጥ ቅርጽ አለው ይባላል።

📌 ውስጡ ምን አለ?

በጣም የሚታወቀው የግብር አዳራሹ ነው፤ 101 ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለው። በ2017 ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ኢቫንካ ትራምፕን እራት የጋበዙት በዚሁ ቤት ነው። ከሱ ሌላ የጣሊያን እምነበረድ ደረጃ፣ የቬኒስ መብራቶችና በእንግሊዙ ዊንድዘር ቤተ መንግሥት አምሳያ የተሠራ፣ ጣሪያው በእንጨት ቅርጽ የተጌጠ ቤተ መጻሕፍት አለ።

📌 ለምን ተዘጋ?

የመጨረሻው ኒዛም ኦስማን አሊ ካን በ1937 በታይም መጽሔት ሽፋን ላይ የዓለም ሀብታሙ ሰው ተብሎ ወጥቶ ነበር። እሱ የሚኖረው ሌላ ቤት ውስጥ ስለሆነ ፋላክኑማን የእንግዳ ማረፊያ አደረገው። በ1948 የሕንድ ጦር ገብቶ ሃይደራባድን ከሕንድ ጋር ሲቀላቅል የኒዛሞቹ ዘመን አበቃ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቤቱ ለአሥርተ ዓመታት ተዘግቶ አቧራ ጠጣ።

በ2000 ግድም ታጅ የተባለው የሆቴል ድርጅት ተከራየው። የኒዛሙ የልጅ ልጅ ባለቤት የነበሩት ልዕልት ኢስራ እድሳቱን በቅርብ ተከታተሉ። አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶ በ2010 ሆቴል ሆኖ ተከፈተ።

📌 እንዴት ይጎበኛል?

✅ የሚያድር እንግዳ ከበር ጀምሮ በፈረስ ሠረገላ ይወሰዳል፣ ቤተ መንግሥቱንም በአስጎብኚ ያያል። የአንድ ሌሊት ዋጋ ብዙ መቶ ዶላር ነው።
✅ ማደር ካልቻላችሁ ምግብ ቤቱን ወይም የከሰዓት ሻዩን አስቀድማችሁ አስይዙ። ቦታ ሳትይዙ ዝም ብላችሁ ከሄዳችሁ ከበር ነው የምትመለሱት።
✅ ዋጋ ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።
✅ ኪሳችሁ ካልፈቀደ ቾማሃላ ቤተ መንግሥት አለላችሁ። እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ቻርሚናር ከሚባለው ታዋቂ ሐውልት አጠገብ ነው። የኒዛሞቹ ዋና መቀመጫ የነበረ ሲሆን አሁን ሙዚየም ነው፤ ትኬት ቆርጦ መግባት ነው።

ልብ በሉ፣ የቾማሃላንም እድሳት የመሩት እኚሁ ልዕልት ናቸው። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ከተማ፣ ሁለት ቤተ መንግሥት። አንዱ ለሁሉም ሰው ተከፈተ፣ ሌላው ለከፋይ። ፋላክኑማ ሆቴል ባይሆን ያን ሁሉ እድሳት ማን ይከፍል ነበር? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ግን የከተማው ድሃ ያንን ኮረብታ ዛሬም እንደ ድሮው ከታች ሆኖ ነው የሚያየው።

📌 ሐበሾቹስ?

ኒዛሞቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ያሉበት የፈረሰኛ ዘብ ነበራቸው። ሃይደራባድ ውስጥ ኤሲ ጋርድስ የሚባል ሰፈር አለ። ኤሲ ሲባል ማቀዝቀዣው እንዳይመስላችሁ፣ "የአፍሪካ ፈረሰኛ" የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር ነው። የዘቦቹ ዘሮች ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። ሲዲ ወይም ሐበሺ ይባላሉ፣ ሠርግ ላይ በሚመቱት ከበሮም ይታወቃሉ።

ታሪኩ ከዚያም ይቀድማል። በባርነት ተሽጦ ሕንድ የደረሰው ኢትዮጵያዊው ማሊክ አምባር በደካን ምድር የጦር መሪና የመንግሥት እንደራሴ ለመሆን በቅቷል፤ በ1626 ነው የሞተው። እሱ የቆረቆረው ከተማ በኋላ አውራንጋባድ ተብሎ የኒዛሞቹ የመጀመሪያ ዋና ከተማ ሆነ።

ስለዚህ ለትምህርትም ለሥራም ወደ ሃይደራባድ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ፋላክኑማ ፎቶ ከተነሳችሁ በኋላ ኤሲ ጋርድስንም ብቅ ብላችሁ እዩት። እዚያ ለመግባት ቦታ ማስያዝ አያስፈልግም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ያረጀ ቤተ መንግሥት ሆቴል ቢሆን ይሻላል ወይስ ሙዚየም? ሐሳባችሁን ጻፉልን።