ልብ ዘር አይቆጥርም

እ.ኤ.አ. በ1883 ኖርደንሾልድ የተባለው አሳሽ የግሪንላንድን የበረዶ ምድር ለመመርመር ከስዊድን ሲነሳ ሁለት የሳሚ ተወላጆችን አስከትሎ ነበር። ፓቫ ላርስ ቱዎርዳ እና አንደርሽ ራሳ ይባላሉ። ጓዙን ይዞ ከዚያ ወዲያ መሄድ ባቃተው ጊዜ ሁለቱ ሰዎች የእንጨት መንሸራተቻቸውን አጥልቀው ወደ ፊት ገሠገሡ። ከ57 ሰዓት በኋላ ተመለሱና 460 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዛቸውን ተናገሩ። ወሬው አውሮፓ ሲደርስ ብዙዎች አላመኑም፤ «የሰው ልጅ ይህን አይችልም» አሉ። በተከታዩ ዓመት በስዊድን ሰሜን፣ በዮክሞክ አካባቢ፣ የ220 ኪሎ ሜትር ውድድር ተዘጋጀ። ቱዎርዳ በ21 ሰዓት ከ22 ደቂቃ አንደኛ ወጣ። ተጠራጣሪውም አፉን ያዘ።

ለመሆኑ ሳሚዎች እነማን ናቸው? በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ሰሜናዊ ጫፍ የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ስማቸው ሲነሳ ሬንዲር የሚባለው የበረዶ አገር አጋዘን አብሮ ይነሳል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ሬንዲር አርቢዎች አይደሉም፤ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ አጥማጁም፣ ገበሬውም ብዙ ነው።

የቱዎርዳ እግር እንዲህ ቢመሰከርለትም፣ የዘመኑ ሊቃውንት ዓይን ያረፈው በራስ ቅሉ ላይ ነበር። በ1922 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስዊድን ኡፕሳላ ከተማ የመንግሥት የዘር ጥናት ተቋም ተከፈተ። ኃላፊው ኸርማን ሉንድቦርግ ሰሜን ድረስ እየወጣ የሳሚዎችን ራስ ለካ፤ ፎቶግራፋቸውን አነሳ፤ በዘር ደረጃ መደባቸው። በኖርዌይም ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አንስቶ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ቋንቋቸውን እንዲተዉ ይገደዱ ነበር። ሳሚነት የሚደበቅ ነገር ሆነ። እንግዲህ ከብዙ ዓመት በኋላ ሐኪሞች ሌላ መለኪያ ይዘው ሲመጡ ሕዝቡ ቢጠራጠራቸው ማን ይፈርድበታል?

ይህ ሌላው መለኪያ እንዲፈለግ መንገድ ከከፈቱት ጥናቶች አንዱ የተደረገው ከበረዶው አገር ርቆ፣ በለንደን አውቶቡሶች ውስጥ ነው። ሐኪሙ ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ በባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ የሚሠሩ ሾፌሮችንና ቲኬት ቆራጮችን አነጻጸሩ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ቲኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። በ1953 የታተመው ውጤት የልብ ሕመም ቲኬት ቆራጮቹን ከሾፌሮቹ ባነሰ መጠን እንደሚያጠቃ አሳየ። የሚሠሩበት አውቶቡስ አንድ ሆኖ ሳለ፣ መቀመጥና መንቀሳቀስ ለያያቸው።

ከዚያ ወዲህ ነው በ1974 በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በፊንማርክ ክፍለ ሀገር፣ የልብ ምርመራ ዘመቻ የተጀመረው። በአገሪቱ በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው መጠን ከሁሉ የከፋው እዚያ ነበርና። ሐኪሞቹ ሲጋራውን፣ የደም ግፊቱንና ኮሌስትሮሉን መረመሩ። የኛዋ ቡናም ከክስ አላመለጠችም። በ1983 በትሮምሶ ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች ብዙ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ማለቱን አስታወቁ፤ ኋላ ግን ጥፋቱ በወረቀት ሳይጠለል ተፈልቶ የሚጠጣው ቡና መሆኑ ተለየ።

በዚሁ መካከል የሰሜኑ ኑሮ እየተለወጠ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የበረዶ ሞተር ወደ ፊንላንድ ሰሜን ገባ። ፔርቲ ፔልቶ የተባለው የሥነ ሰብ ተመራማሪ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመንሸራተቻና በሬንዲር በሚጎተት ጋሪ ይካሄድ የነበረው እረኝነት ወደ ሞተር ዞረ። ነዳጅና መለዋወጫ መግዛት ግድ ሆነ፤ አቅም ያነሰው ከሥራው ወጣ። በእግሩ በረዶ ያቋርጥ የነበረው እረኛ ኮርቻ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ድካሙን ቢያቀልለትም ሌላ አደጋ አመጣበት፤ በስዊድን የተደረገ ጥናት በሬንዲር እረኞች ዘንድ በአደጋ መሞት ከሌላው ሕዝብ እንደሚበዛና ከአደጋዎቹም ዋነኛው የተሽከርካሪ መሆኑን አመልክቷል።

በ2001 በትሮምሶ ዩኒቨርሲቲ የሳሚ ጤና ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። በ2003 እና በ2004 «ሳሚኖር» በተባለው ጥናት ከ16,000 የሚበልጡ ሳሚዎችና ሳሚ ያልሆኑ ጎረቤቶቻቸው ተሳተፉ። ኖርዌይ የዜጎቿን ብሔር በመዝገብ ስለማትይዝ፣ ማን ሳሚ እንደሆነ ለማወቅ የሚቻለው በመጠየቅ ብቻ ነበር፦ አንተ፣ ወላጆችህና አያቶችህ በቤታችሁ የምትነጋገሩት በምን ቋንቋ ነው? ያ አያት ያፈሩበት፣ ወላጅ የደበቀው ነገር፣ አሁን ለልጅ ጤና ሲባል ተጠየቀ።

ታዲያ ምን ተገኘ? በሰሜን ኖርዌይ ከ1970 እስከ 1998፣ በስዊድን ደግሞ ከ1961 እስከ 2000 የሞቱትን ሰዎች የመረመሩ ጥናቶች፣ በሳሚዎችና በጎረቤቶቻቸው መካከል ያለው የሞት ልዩነት ትንሽ መሆኑን አረጋገጡ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ከሌላው ዜጋ በብዙ ዓመታት ቀድሞ ይሞታል። ሐኪም ቤቱ፣ ትምህርቱና ገቢው ከጎረቤት ጋር ሲቀራረብ ዕድሜም ይቀራረባል ማለት ነው። በሌላ በኩል ሳሚኖር በሁለቱም ወገን ውፍረት መስፋፋቱን፣ በተለይም በሳሚ ሴቶች ዘንድ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ስለዚህ «ደካማ ዘር» ያለው ሉንድቦርግ ብቻ ሳይሆን፣ «ሳሚ ምን ይሆናል? በተፈጥሮው ብርቱ ነው» የሚለው አድናቂም ተሳስቷል። የመጀመሪያው ሰውን ያዋርዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ አሞካሽቶ ከሐኪም ያርቀዋል።

ቱዎርዳ 220 ኪሎ ሜትሩን የጨረሰው ዕድሜውን ሙሉ በበረዶ ላይ ሲሮጥ ስለኖረ ነው። ያ ልፋት ግን ለልጅ ልጅ ልብ አይተላለፍም። ርስት ይወረስ ይሆናል፤ እርምጃ ግን አይወረስም።