ጉባኤና ጦር በወለጋ ምድር

ነቀምቴን የጎበኘ ሰው የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ሳያይ አይመለስም። አስጎብኚው ስለ ግንቡና ስለ ጌቶቹ ይነግረዋል። ታሪክን የሚመረምር ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ ይኸውም ቤተ መንግሥቱ ከመሠራቱ በፊት በዚህ አገር ማን ይገዛ ነበር? የሚለው ነው።

መልሱ ጉባኤ ነው። የሜጫ ኦሮሞ ታላቅ ጉባኤ መቀመጫ ኦዳ ቢሲል ሲሆን፣ በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር። ሕግ የሚያወጣው ጉባኤው ነው፤ አባ ዱላ የሚባለው የጦር መሪ ያዘምታል እንጂ በጉባኤው ላይ አያዝም። ይህን ስንል ሥርዓቱ እንከን አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። ሴቶች፣ የእጅ ባለሙያዎችና በኦሮሞ መስፋፋት ጊዜ «ገበሮ» ተብለው የተጠቃለሉት የቀድሞ ነዋሪዎች በጉባኤው እኩል ቦታ አልነበራቸውም። ሆኖም ጦር የያዘ ሰው በምክር የሚታሰርበት ሕግ ነበር።

ይህ ሕግ በ19ኛው መቶ ዘመን ላላ። የወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የዝባድና የባሪያ ንግድ ሲደራ ገበያውንና መንገዱን የያዘ የጦር መሪ ፈረስና ጠመንጃ ማከማቸት ቻለ። በዚህ ዓይነት በሌቃ ነቀምቴ በከሬ ጎዳና፣ በቄለም ደግሞ ጆቴ ቱሉ የየራሳቸውን አገዛዝ መሠረቱ። በጊቤ አካባቢ፣ በሊሙ እናርያና በጅማ፣ ይኸው ነገር ቀድሞ ተፈጽሞ ነበር። የጊቤ ነገሥታት እስልምናን ተቀብለዋል፤ ምክክርን ማለትም ሹራን የሚያዝ ሃይማኖት መቀበላቸው ግን ሥልጣንን ከአባት ወደ ልጅ ከማውረስ አላገዳቸውም።

በ1874 ዓ.ም ምኒልክ በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ የበከሬ ልጅ ሞረዳ ያለ ውጊያ ገበሩ። ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ያዙ፤ ልጃቸው ኩምሳም ገብረ እግዚአብሔር ተብለው ክርስትና ተነሥተው በቦታቸው ተተኩ። ገበሬው ግን በአንድ ጌታ ላይ ሌላ ጌታ ተጨመረበት እንጂ ጉባኤው አልተመለሰለትም።

በ1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ ሁለት የተለያዩ መንገዶች በዚሁ ምድር ታዩ። በአንድ በኩል በኩምሳ ልጅ በደጃዝማች ሀብተ ማርያም የተመሩ 33 የምዕራብ ባላባቶች አገራቸው በመንግሥታት ማኅበር ሥር በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንድትተዳደር በጎሬው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም። የማዕከሉ ግፍ የወለደው ጥያቄ ቢሆንም ፈራሚዎቹ ባላባቶች እንጂ የሕዝብ ተመራጮች አልነበሩም። በሌላ በኩል ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ዕጩ መኮንኖችና የተማሩ ወጣቶች ነቀምቴ ላይ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የጥቁር አንበሳ ማኅበርን አቋቋሙ። በሰኔ ወር ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አቃጠሉ። ከዚህ ጀብዱ ይልቅ የሚደንቀው ግን የማኅበሩ ደንብ ነው። ደንቡ የሲቪሉ ክፍል ከወታደራዊው ክፍል በላይ እንዲሆን፣ ገበሬና ምርኮኛ እንዳይበደል ይደነግግ ነበር። ለንጉሡ ታማኝ የነበሩት እነዚህ ወጣቶች፣ ጠላት በደጅ ቆሞ ሳለ እንኳ፣ ጦር በምክር ሥር መሆን እንዳለበት አልዘነጉም።

በ1966 ዓ.ም የተነሡት ወታደሮች ግን ይህን ዘነጉ። ደርግ ራሱን «ጊዜያዊ» ብሎ ሰየመና 17 ዓመት ቆየ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የመሬት አዋጅ የወለጋን ጭሰኛ ነፃ ማውጣቱ አይካድም። ይሁንና ለገበሬው መተዳደሪያ የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር ብዙም ሳይቆይ የኮታ እህል መሰብሰቢያና የውትድርና መመልመያ ሆነ። የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም ተወስደው ተገደሉ። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ብዙ ሺሕ የወሎ ሰዎች ወደ ወለጋ ሲወሰዱ ሰፋሪውንም ሆነ ባለአገሩን «ምን ትላላችሁ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣን የሕዝብ ነው ብሎ ደነገገ። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1984ቱ የክልል ምርጫ ዋዜማ፣ ኦነግ ከምርጫው ወጥቶ ክርክሩ ወደ ጠመንጃ ተመልሶ ነበር። ከ2011 ዓ.ም ወዲህም ያየነው ይኸንኑ ነው። በ2012 ዓ.ም የወለጋ ሕዝብ ለወራት ከስልክና ከኢንተርኔት ተቆረጠ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመንግሥት ቆጠራ 338 ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። መንግሥት «ሸኔ» የሚለውን ቡድን ከሰሰ፤ ቡድኑ አስተባበለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በታጣቂዎችም በመንግሥት ኃይሎችም የተፈጸሙ ግድያዎችን መዝግቧል።

ውድ አንባብያን! ከበከሬ ዘመን እስከ ቶሌ የጌቶቹ ስም ተለዋውጧል፤ ጦር የያዘው ሰው «ቀኔ አልቋል» አለማለቱ ግን አልተለወጠም። የወለጋ አባቶች ለዚህ መድኃኒቱን አውቀውት ነበር፤ የተቆጠረ ዘመንና ከጦር መሪው በላይ የሚቆም ጉባኤ ነው። የጎደላቸው በጥላው ሥር ሁሉን አለማስቀመጣቸው ነበር። የእኛ ዕዳ እንግዲህ ሁለት ነው፦ ጉባኤውን መመለስ፣ ሲመለስም ማኦውን፣ ጉሙዙን፣ ኦሮሞውንና ወሎየውን፣ ሴቱንና ወንዱን፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን እኩል ማስቀመጥ።