ከኬላ እስከ ደረሰኝ፦ ከሩቅ ገበያ የሚመጣ ጌጥና ግብሩ

ከማኅበራችን አባላት ጥቂት የማይባሉት ጌጣጌጥ ነጋዴዎች ናቸው። ከመርካቶ ዶቃና ጨሌ፣ ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ደግሞ ቀለበትና ሐብል እያመጡ በሶዶ፣ በቦዲቲና በአረካ ይሸጣሉ። ጊፋታ ሲቃረብ ወይም የሠርግ ወራት ሲደርስ ገበያው ይደራል። በስብሰባችንም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል፦ «አዲስ አበባ ላይ ግብር ከፍለን ባመጣነው ዕቃ ሶዶ ላይ ለምን እንደገና እንጠየቃለን?» ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን ማየት ግድ ሆነብን።

ኬላ የሚለው ቃል ለወላይታ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው የነገሥታቱን የአማዶንና የእጃጆን ኬላ፣ ማለትም የጥንቱን የመከላከያ ካብ ነው። ለነጋዴ ግን ኬላ የቀረጥ በር ነበር። ወላይታ ካዎ ጦና ድል ሆነው በ1887 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ ግዛት ከተቀላቀለች በኋላ የነጋድራሶች ሥርዓት ወደ ደቡብም ዘለቀ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሰብሳቢ ነው። የኬላ ቀረጥ ዋና ጠባዩ ሽያጭን ሳይሆን መንገድን መከተሉ ነበር። ዕቃው ይሸጥ አይሸጥ፣ ነጋዴው ያትርፍ ይክሰር፣ በሩን ካለፈ ይከፈልበታል። በቀጣዩ ኬላ «ቀድሞ ከፍያለሁ» ማለት ብዙ አያዋጣም። የየበሩ ክፍያ በዕቃው ዋጋ ላይ እየተደረበ በመጨረሻ የምትሸከመው ገዢዋ ነበረች።

በዚያ ዘመን ጌጥ በብዛት የሚሠራው ከጠገራ ብር ነበር። የማርያ ትሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ሲመዝን ከዚያ ውስጥ 23 ግራም የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። እናቶቻችን ገንዘቡን ለአንጥረኛ ሰጥተው አንባርና አልቦ ያሠሩ ነበር። ክፉ ቀን ሲመጣ ጌጡ ተመልሶ ገንዘብ ይሆናል። ጌጥ ለሴት ውበት ብቻ ሳይሆን በእጇ የምትይዘው ቁጠባም ነበር፤ ዛሬም ነው። በጌጥ ላይ የሚጣል ግብር ከሌላው ዕቃ ይልቅ እኛን የሚነካን ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ግብሩ ከመንገድ ወደ ሽያጭ ዞረ። በ1985 ዓ.ም. የሽያጭና የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 በክልል ውስጥ የሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎችን የሽያጭ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ለክልሎች ሰጠ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የሽያጭ ታክሱ ቀርቶ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተተካ። ለዚህ ላልተመዘገቡ ትንንሽ ነጋዴዎች በዕቃ ሽያጭ ላይ 2 በመቶ ተርን ኦቨር ታክስ ተደነገገ። በዚያው ዓመት የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅም በወርቅና በሌሎች ነገሮች በተሠሩ ጌጣጌጦች ላይ 20 በመቶ ጥሎ ነበር። ይህ የሚከፈለው ጌጡ ሲመረት ወይም ከውጭ ሲገባ በመሆኑ ቸርቻሪዋ በዋጋው ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚደርሳት።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ሐሳብ የኬላን ድርብርብ ክፍያ ማስቀረት ነው። እያንዳንዱ ሻጭ ባከለው ዋጋ ላይ ብቻ እንዲከፍል ታስቦ የወጣ ነው። ችግሩ ይህ የሚሠራው ለተመዘገበ ብቻ መሆኑ ነው። በ1995ቱ ሕግ እናስላው። ሁለት ሴቶች ከፒያሳ በ10,000 ብር ዕቃ ገዙ፤ ከታክሱ ጋር 11,500 ብር ከፈሉ እንበል። ሁለቱም 1,000 ብር ማትረፍ ይፈልጋሉ። የተመዘገበችው በ11,000 ብር ላይ 1,650 ብር ታክስ ጨምራ በ12,650 ትሸጣለች። አስቀድማ የከፈለችውን 1,500 በደረሰኟ ቀንሳ ለመንግሥት የምታስገባው 150 ብር ብቻ ነው። ያልተመዘገበችው ግን 1,500ውን ከማንም አታስመልስም። 12,500 ላይ 2 በመቶ፣ ማለትም 250 ብር ተጨምሮ ዕቃዋ 12,750 ይደርሳል። ድሃዋ ነጋዴ ከሀብታሟ በ100 ብር ተወዳ ገበያ ትወጣለች። ለእሷ ኬላው አልፈረሰም።

ለራሷ ጌጥ የምትገዛ እህት ግን ሥጋት አይግባት። ግብሩ በሻጩ ቤት አልቋል፤ ሀብሏን አንገቷ ላይ አድርጋ ሶዶ ስትገባ ሌላ የሽያጭ ታክስ የሚጠይቃት የለም። በአሜሪካ ያላችሁ ደጋፊዎቻችን የምታውቁት ከዚህ ይለያል። እዚያ የሽያጭ ታክስ የየግዛቱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳውዝ ዳኮታና በዌይፌር ክርክር በሰጠው ውሳኔ አንድ ግዛት በውስጡ ሱቅ የሌለውን የሌላ ግዛት ሻጭም ታክስ እንዲሰበስብለት ማስገደድ ቻለ። እዚያ ግብሩ ገዢዋ ያለችበትን አገር ይከተላል። እዚህ ግን ሻጩ ጋ ይቆረጣል።

ለነጋዴዋ ሁሉ ነገር የሚንጠለጠለው በደረሰኝ ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በብዙ ከተሞች ቅሬታ ማስነሣቱን አንረሳም። መዝገብ የሌላት ነጋዴ በገማች ዓይን ትለካለች፤ ወርቅ ደግሞ ዓይን ይስባል። ወጪዋን የሚያሳይ ወረቀት ከሌላት የሸጠችው ሁሉ ትርፍ መስሎ ይታያል።

እኛ ሴቶች ጌጥን በእጃችን ስንይዝ ኖረናል፤ ወረቀቱ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ስም ነበር። ዛሬም ዐሥር ሆነን ገንዘብ አዋጥተን አንዷን ወደ አዲስ አበባ ስንልክ ደረሰኙ በላክናት ስም፣ አንዳንዴም በባሏ ስም ይቆረጣል። ዘጠኛችን በሕግ ፊት ምንም አልገዛንም። በጋራ መሄዱ ለትራንስፖርቱ ይጠቅማል፤ ደረሰኙ ግን በየስማችንና በየግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን ተለይቶ ይቆረጥ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለችና የክልሉ ገቢዎች ቢሮ በቅርባችን ነው። ተሰባስበን ሄደን ስለ ምዝገባው እንጠይቅ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ወጥቷል፤ 15 በመቶው እንዳለ ነው፤ የከፈሉትን ለማስቀነስ የሚጠየቀውም ያው ደረሰኝ ነው። ኬላውን ማለፊያ ወረቀት ይኸው ነውና፣ ከጌጡ ጋር በአንድ ሣጥን እናስቀምጠው።