ገጣሚዋ መነኩሲትና የነገረ መለኮት ደጅ

እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ድረስ (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንዲት አሜሪካዊት መነኩሲት በካቶሊክ ትምህርት ቤት ሃይማኖት እንድታስተምር ትታዘዛለች፤ ነገረ መለኮትን በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚያስተምራት የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ግን በአገሯ አልነበረም። ያ ዕውቀት ለካህናትና ለክህነት ዕጩዎች የተጠበቀ ነበር። ሳትማሪ አስተምሪ እንደ ማለት ነው።

ይህን ደጅ ያስከፈቱት የነገረ መለኮት ሊቅ ሳይሆኑ ገጣሚ ናቸው። እህት ማደሌቫ ዎልፍ በ1887 በዊስኮንሲን ተወለዱ፤ አባታቸው የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበሩ። በ1925 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ለዶክትሬት የመረጡት «ዕንቁ» የተሰኘውን የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ግጥም ነበር። ብዙዎቹ ሊቃውንት ግጥሙን በሞተች ሕፃን ላይ የተደረሰ ሙሾ አድርገው ያነቡታል። እሳቸው ግን የመንፈሳዊ ድርቀት መዝገብ ነው አሉ፤ የጠፋው ዕንቁ ልጅ ሳይሆን ጸሎተኛው ያጣው መለኮታዊ መጽናናት ነው። በንባባቸው ሁሉም አልተስማማም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ግጥምን እንዲህ የምታነብ ሴት ነገረ መለኮትን ከውጭ ቆማ እንድታይ መደረጉ።

በ1934 በኢንዲያና የሚገኘውን የሴቶቹን የቅድስት ማርያም ኮሌጅ በፕሬዚዳንትነት መምራት ጀመሩ። ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን በነገረ መለኮት እንዲቀበሉ ጠየቁ፤ እሺ ያለ አልተገኘም። ስለዚህ በ1943 በራሳቸው ኮሌጅ ጀመሩት። መነኮሳትም ምእመናትም በዕረፍት ወራት እየመጡ ቅዱሳት መጻሕፍትንና ቶማስ አኩዊናስን አጠኑ፤ የማስተርስና የዶክትሬት ማዕረግም ተቀበሉ።

ከእነዚህ አንዷ ማሪ ዴሊ ነበረች። ዶክትሬቷን ይዛ አልረካችም፤ ሮም የምታውቀውን ከፍተኛውን የነገረ መለኮት ማዕረግ ፈለገች። በአሜሪካ የሚሰጣት ስላጣች ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ፍሪቡር ተሻገረች። የዚያ የካቶሊክ ነገረ መለኮት ፋኩልቲ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሥር ስለነበር ሴትን በሕግ መከልከል አይችልም ነበር። በ1963 ማዕረጉን አገኘች፤ በ1968 ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሴቶችን የያዘችበትን መንገድ አጥብቆ የሚተች መጽሐፍ አሳተመች። ኋላም ከነጭራሹ ክርስትናን ተወች።

እህት ማደሌቫ መጽሐፉን አላዩም፤ በ1964 ዐርፈዋል። የመሠረቱት የነገረ መለኮት ትምህርት ቤትም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ሴቶቹ ትምህርቱን ስለጠሉት አልነበረም፤ ሌሎቹ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ኖትር ዳም ሳይቀር፣ በራቸውን ከፍተውላቸው ነበር።